ያልጠበቀው ፊደል

ጋሽ ኮስታራ የሞቱት ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያስቁ በኖሩበት መድረክ ላይ ነው። ጠዋት አዳራሹ ሲከፈት በደረታቸው ተደፍተው፣ አንድ ክንዳቸው ከሥራቸው ታጥፎ፣ ከሮቦቱ እግር ሥር ተገኙ። ሮቦቱ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ነበር። ፈገግ ብሏል። ምን ያድርግ፤ ሌላ ፊት አልተሠራለትም።

ይህን ሮቦት ሰው ሁሉ «ቆርቆሮ» ይለዋል። ሥራው በጋሽ ኮስታራ ድምፅ ቀልድ ማውራት ነው። የሰውየውን የብዙ ዘመን ቅጂ አስደምጠው ድምፃቸውን አስተማሩት፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነገር ከሰጡት በእሳቸው ጉሮሮ ያነባል። እሳቸው ከጎኑ ቆመው ይመልሱለታል፣ አዳራሹ በሳቅ ያብዳል። ጋሽ ኮስታራ ራሳቸው ግን መድረክ ላይ ፈገግ ብለው አያውቁም፤ ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚያ ነው። እንግዲህ ባለ ድምፁ ተደፍቶ፣ ድምፁን የወሰደው ብረት ከበላዩ ቁጭ ብሎ ጥርሱን ሲያሳይ! እኔን ብትጠይቁኝ፣ ይህን ያየ ሰው ዳግመኛ ቀልድ አያምረውም።

መርማሪዋ የመጣችው ሬሳው ሳይነሣ ነው። በፖሊስ ጣቢያው «እትዬ ለምን» ነው የሚሏት፤ ፊት ለፊቷ አይሉም እንጂ። አጠር ደልደል ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «መነጽሬን ያያችሁ?» የምትል ሴት ናት። ሰው ሲያወራላት ዓይኗን ትጨፍናለች። የማያውቋት እንቅልፍ የወሰዳት መስሏቸው ይዘናጋሉ፤ ስንቱ ነው እንዲህ ተዘናግቶ ከርቸሌ የወረደው!

ጡረታው የደረሰ ሃምሳ አለቃ ቀድሟት ደርሶ ነገሩን ጨርሶታል።

«ከላይ ዘለው ነው» አለ ወደ ጣሪያው እያሳየ። ከመድረኩ በላይ መብራት የሚሰቀልበት ጠባብ የብረት ድልድይ አለ። «የስንብት መልእክትም ልከዋል። ዶሴው የተዘጋ ነው እትዬ።»

«አንተ ደግሞ ሳይከፈት መዝጋት ትወዳለህ» አለችና በጉልበቷ ተንበረከከች። የሟቹን ጉንጭ በጣቷ ጫን አድርጋ አየች፤ ቀጥላ አፍንጫዋን አስጠጋች። «አፋቸው ውስጥ ምን አለ?»

ሃምሳ አለቃው አጎንብሶ አየ። «ከረሜላ። የጉሮሮ ናት፤ ናና ናና ትሸታለች።»

«ግማሹ አልሟሟም። ሊሞት ደረጃ የሚወጣ ሰው ለጉሮሮው ምን አስጨነቀው?»

«ልማድ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች። እሷ «ይሆናል» ካለች አላመነችም ማለት ነው።

ድልድዩ ላይ እያለከለከች ወጣች። መደገፊያው ብረት ደረቷ ድረስ ይመጣል፤ እዚያ ላይ ሽማግሌ ሰው ተንጠላጥሎ መዝለል ቀላል አይደለም። ወለሉ ላይ የኮት ቁልፍ ወድቃለች፤ ክሯ ከነጨርቋ ተቦጭቋል። መርማሪዋ ቁልፏን በመሐረብ ጠቅልላ ወረደች።

መልእክቱ የደረሳት የቲያትር ቤቱን ሥራ አስኪያጅ ነው። ቀጠን ያለች፣ ጫማዋ ከእሷ ቀድሞ የሚሰማ ሴት ናት። የተላከው ትናንት ማምሻውን፣ ልምምድ አልቆ ሁሉም ከተበተነ በኋላ፣ ከጋሽ ኮስታራ ስልክ ነው። ያ ስልክ መቆለፊያ ኖሮት አያውቅም። «የኮሜዲያን ምሥጢር ማን ይሰርቃል?» ይሉ ነበር ባለቤቱ።

«ለመልቀቅ ስንቴ ዝቶብኛል» አለች ሥራ አስኪያጇ። «የሰሞኑ ኩርፊያው መስሎኝ ዝም አልኩ። እንደዚህ ያደርጋል ብዬ በምን ላውቅ?»

ስልኳን ከፈተች። ያ አገር ያወቀው ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ ባዶውን አዳራሽ ሞላው።

«በቃኝ ዓለም ሰፊ ነው ልጄ አለችኝ ከእንግዲህ በዚህ መድረክ ላይ አታገኙኝም።»

«ሰሙ?» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ልጁ ናት ያለችው። በቃኝ፣ ዓለም ሰፊ ነው ብላዋለች፤ ጥላው ልትሄድ። እሷን ብሎ ነው የሞተው።»

መርማሪዋ ዓይኗን እንደ ጨፈነች «አንዴ ድገሚው» አለች፤ ተደገመ። «ይህን ለማን አሰማሽ?»

«ለማንም። ለፖሊሱ ብቻ።»

«እንግዲያው እኔ ካላልኩ በስተቀር ማንም እንዳይሰማው።»

ሥራ አስኪያጇ ራሷን ነቀነቀች፤ ቀጥላ ጉሮሮዋን ጠረገች። «የዛሬ ማታው ትርኢት... አዳራሹ ሙሉ ነው። ቆርቆሮ ብቻውን ቢሠራ ምን ይመስልዎታል? ለመታሰቢያው እኮ ነው።»

«ማን አባቱ ነው የሚሠራው?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

የጋሽ ኮስታራ ልጅ ነበረች። ገና ከውጭ መግባቷ ነው፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ አንገቷ ግን አልተሰበረም። «አስከሬኑ ሳይነሣ በድምፁ ልትስቁበት? እኔ ቆሜ እያለሁ አይሆንም።»

«እሱ ራሱ እኮ ነው ፈቅዶ የሰጠን» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«የሰጣችሁ እንዲጫወትበት ነው፤ እንዲቀበርበት አይደለም!»

መርማሪዋ ልጅቷን ክንዷን ይዛ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል አስገባቻት። ክፍሉ ውስጥ አንድ ረጅም መስተዋት፣ ሁለት ወንበር፣ የተሰቀለ ያረጀ ኮት አለ። ልጅቷ ኮቱን አየችና ፊቷን አዞረች።

«ማሽን ትጠያለሽ እንዴ?» አለቻት መርማሪዋ።

«እኔ የልጆች መጽሐፍ ሥዕል ነው የምሥለው፤ እሱንም በስክሪን ላይ። ማሽን ብጠላ በምን እበላለሁ?» ከቦርሳዋ አንዲት የስክሪን ብዕር አውጥታ አሳየቻት። «ይህች ግን እኔ ሳልነካት አትሥልም። ልዩነቱ እሱ ነው። ይህን ለአባዬ ማስረዳት አቃተኝ።»

«ተጣላችሁ።»

«ተጣላን። የማሽኑን ክፍል ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ቤት መጥቶ "ልጄ" ሲለኝ፣ "ድምፅህን አሳልፈህ ሰጥተህ በየትኛው አፍህ ነው ልጄ የምትለኝ?" አልኩት። በሩን ዘግቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልተያየንም።»

መርማሪዋ በራሷ ስልክ ቀድታ የያዘችውን መልእክት አሰማቻት። ልጅቷ እንደ ደረቀ ዛፍ ቀጥ ብላ ሰማችው።

«ይህን አላልኩትም» አለች። «ዓለም ሰፊ ነው የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ያልኩት ከዚህ የባሰ ነው፤ ግን ይህን አላልኩም። ለምን ይዋሽብኛል? አባዬ ዋሽቶ አያውቅም እኮ!» መዳፏን ግንባሯ ላይ አደረገች። «ሰው ሁሉ ልጁ ገደለችው ሊል ነው። ይበል! የሰው አፍ ለምጃለሁ። እኔ ግን ለራሴ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አልመልሰው።»

«ደግ ነበሩ?»

«ከእናቴ ሞት ወዲህ ሁሉ ነገሬ እሱ ነበር። ለቀስተኛው "እንግዲህ ምን ቀረህ?" ሲለው፣ እኔን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አንዲት ቃል ነበር የሚመልሰው። ቤታችን ውስጥ እንጂ ውጭ አይላትም...» ቃሏን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። «ይቅር» አለች።

መርማሪዋ አልጎተጎተችም። ሲመሽ ሳይሆን ሲበስል ነው የሚለቀም ትላለች አንዳንድ ጊዜ።

የማሽኑ ክፍል ከመድረኩ በስተ ኋላ ነው። እዚያ ቀልድ ጸሐፊው አገጩን በመዳፉ ደግፎ ተቀምጧል። ይህ ሰው የራሱን ቀልድ ሳይጨርስ ቀድሞ የሚስቅ ነው፤ ዛሬ ግን ፊቱ እንደ ቆላ ድንጋይ ደርቋል። ሃምሳ አለቃው መርማሪዋን ጠቀስ አድርጎ «ጋሽ ኮስታራ ከለቀቁ የዚህ ሰው ቀልድ አፍ አይኖረውም። ልብ ይበሉ» ብሏታል።

«ሥራ አስኪያጇ ለቆርቆሮ ትጽፍለታለች?» አለች መርማሪዋ።

ጸሐፊው ሳያስበው ሳቅ አመለጠው። «እሷማ አንዴ ሞክራ ተቀጣች! የመክፈቻው ምሽት ላይ የራሷን ንግግር በራሷ ጣት ጻፈችለት። "ክቡራን እንግዶቻችን፣ ወደ ሰፊው አዳራሻችን እንኳን ደህና መጣችሁ።" ቆርቆሮ ሆዬ ልብስ ሰፊው አደረገው። ወደ ልብስ ሰፊው አዳራሻችን! ሕዝቡ ለቀልዱ ያልሳቀውን ለእሷ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ኪቦርዱን አትነካም።»

«ለምን እንዲያ አነበበው?»

«ፊደላችን ማጥበቂያ የለውም እኮ እትዬ። "ሰፊ" ሲጠብቅ ሌላ፣ ሲላላ ሌላ ነው፤ ሰው ነገሩን አይቶ ይለየዋል። ቆርቆሮ ግን ሁለት መልክ ያለው ቃል ሲገጥመው አላልቶ ያነባል፤ እንደ ተሠራ ነው። ስለዚህ የሚጠብቀውን ፊደል ሁለቴ እንጽፍለታለን።» ኪቦርዱን ሳብ አድርጎ «ሰፍፊ» ብሎ ጻፈ። «እንዲህ ሲሆን ነው ሰፊው ሰፊ የሚሆነው።»

«ይህን ዘዴ ማን ማን ያውቃል?»

«እኔና መሐንዲሱ። ከሁለታችን በቀር ለማሽኑ የሚጽፍ የለም። ጋሼማ ጭራሽ! እሳቸው የሚጽፉት ያቺ ላይ ነው።» ወደ መድረኩ ጠርዝ አመለከተ፤ ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት ገልመጥ የሚያደርጋት ስክሪን ናት። «ትናንት ከሰዓት በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ የስንብት ንግግራቸውን ሲጽፉባት ነበር። ዛሬ ማታ ሊያነቡት። እኔን ብቻ ነው የነገሩኝ፤ አደራ አሉኝ።»

«ስክሪኗ ባዶ ናት።»

«ጠዋት ስገባም ባዶ ነበረች። ራሳቸው አጥፍተውት ይሆናል ብዬ...» አለ። «ሲለማመዱ ግን ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰምቻለሁ። ያቺ ድምፃቸው ሰሞኑን በጉንፋን ዝጋ፣ እንደ አሮጌ በር ስትንሲያጠጥ! ከረሜላ ከአፋቸው አይለይም ነበር።»

መርማሪዋ ዓይኗን ከፈተች። ከኪሷ ብጣሽ ወረቀት አውጥታ አንድ መስመር ጻፈችና ዘረጋችለት። «ይህችን ጮክ ብለህ አንብብልኝ።»

ጸሐፊው ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። «በቃኝ ዓለም ሰፊ ነው ልጄ አለችኝ።» ቀና አለ። «ይህችው ናት! ከየት አገኙዋት?»

«ኋላ እነግርሃለሁ» አለች፣ ወረቀቱን መልሳ እያጠፈች።

መሐንዲሱን ያገኙት መድረኩ ላይ ነው፤ የቆርቆሮን አንገት በጨርቅ ይወለውላል። እጁ ረጅም፣ ጣቱ እንደ ሴት ጣት ቀጭን ነው። ሲያወራ ዓይኑን ከሮቦቱ አይነቅልም።

«እኔ ወላጅ አላውቅም» አለ። «በሕይወቴ "ልጄ" ብሎ የጠራኝ ሰው ጋሼ ብቻ ናቸው። ይህን ድምፅ ስሠራ ስንት ዓመት እንቅልፌን አጥቻለሁ፤ ትንፋሻቸውን ሳይቀር አስተምሬዋለሁ። ድምፃቸው እንዳይሞት ብዬ ነው።»

«ትናንት መቼ ሄድክ?»

«ልምምድ ሲያልቅ፣ ከሁሉም ቀድሜ።»

«መልእክቱን ሰምተሃል?»

«ማን ያሰማኛል? ልከዋል ሲባል ነው የሰማሁት። ግን ልንገርዎት፣ ያቺን ልጅ አታውቋትም። ምላሷ ነው ከዚህ ቤት ያስወጣቸው። እሳቸው በራሳቸው ቢሆን ከእኔ አይለዩም ነበር።»

«እስቲ ይህችን አንብብልኝ» ብላ ያችኑ ወረቀት ሰጠችው።

መሐንዲሱ ወረቀቱን አየ። ከንፈሩን አራሰ። «በቃኝ ዓለም ሰፊ ነው ልጄ አለችኝ» ብሎ አነበበና መለሰላት።

ሃምሳ አለቃው ውጭ ሲወጡ ተበሳጨ። «ሁለቱም ያው አንድ ዓይነት አይደል እንዴ ያነበቡት?»

«ፊደሉ ያው ነው» አለች መርማሪዋ፣ መነጽሯን በኪሷ እየፈለገች። «ሁሉንም መድረኩ ላይ ሰብስብልኝ። መነጽሬን ያየህ?»

«ግንባርዎ ላይ ነው።»

ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጇ እግሯን አነባብራ፣ ጸሐፊው ጥፍሩን እየነከሰ፣ መሐንዲሱ ከቆርቆሮ ወንበር አጠገብ ቆሞ። ልጅቷ አልቀመጥም ብላ አባቷ የወደቁበት ቦታ ላይ ቆማለች። ሬሳው ተነሥቷል፤ አወዳደቃቸው በጠመኔ የተሰመረበት ቅርጽ ብቻ ቀርቷል።

«አጭር አደርገዋለሁ» አለች መርማሪዋ። «ጋሽ ኮስታራ አልዘለሉም። ለነገ ጉሮሮውን የሚያስታምም ሰው ለዛሬ አይሞትም። የኮታቸው ቁልፍ ድልድዩ ላይ ተቦጭቃ ተገኝታለች፤ ከሰው ጋር ተናንቀዋል። ተገፍተው ነው የወደቁት።»



«ታዲያ መልእክቱስ?» አለች ሥራ አስኪያጇ። «በገዛ ድምፁ እኮ ነው!»

«አሰሚያቸው።»

ድምፁ አዳራሹን ሞላው፤ ጥርት ያለ፣ ለስላሳ። ጸሐፊው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። «ይሄ ጋሼ አይደሉም! ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር እኮ! ትናንት እንዲህ አድርገው ቢናገሩ ኖሮ እልል እል ነበር።»

«እኔማ...» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ ስልኳን እያየች። የሚገርመው ይህ ነው፤ የሰውየው ትክክለኛ ድምፅ ለእሷ የማሽኑ ድምፅ ከሆነ ቆይቷል። ጉንፋን የያዘውን ሰው ረስታዋለች።

«ስለዚህ የተናገረው እሱ ነው» አለች መርማሪዋ፣ በአገጯ ወደ ቆርቆሮ እያመለከተች። «እሱ ደግሞ ሞኝ ነው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ የሰጡትን ያነባል። ማን ሰጠው? "ዓለም ሰፊ ነው" ሲል ሰማችሁት? ዓለም ልብስ ሰፊ ነች አላለም። አጥብቆ አንብቦታል። እንግዲህ የጻፈለት ሰው ፊደሉን ሁለቴ መጻፍ የሚያውቅ ነው። ሥራ አስኪያጇ አታውቅም፤ ብታውቅ ያን ምሽት ባልተሳቀባት። ልጅቷ የማሽኑን ክፍል ደጃፍ አልረገጠችም። የቀራችሁት ሁለት ናችሁ።»

ጸሐፊውና መሐንዲሱ ተያዩ።

«እኔ ልማል?» አለ ጸሐፊው።

«ዝም በል፤ አንተ ምለሃል፣ ሳታውቀው።» ወረቀቱን ዘረጋች። «የጋሽ ኮስታራ ንግግር ይህችው ናት። ራሳቸው በጣታቸው የጻፏት፣ ሌላ ሰው ከስክሪኗ ላይ ገልብጦ ለማሽኑ የሰጣት። ገልባጩ እንደ ልማዱ እያንዳንዱን ቃል "ይጠብቃል? ይላላል?" እያለ ሄደ። "ሰፊ" ላይ ደረሰ፤ ይጠብቃል፣ ሁለቴ ጻፈ። "አለችኝ" ላይ ደረሰ። እዚህ ላይ ምን አለ? ይላላል አለ፤ እንዳለ ተወው። ቆርቆሮም አላልቶ አነበበው። "ልጄ እንዲህ አለችኝ፣ ልጄ ነገረችኝ" ሆነ። እኛም ሰምተን ልጅቷን ፈረድንባት።»

ልጅቷ ወደ መርማሪዋ ዞረች።

«ለጸሐፊው ይህችን መስመር ሰጠሁት፤ መልእክቱን አልሰማም ነበር። "ለ"ን አጥብቆ አነበበልኝ። ለምን? ጋሽ ኮስታራ ሲሏት ሰምቷላ! እሱ ቢሆን ኖሮ ለማሽኑ "አልለችኝ" ብሎ በጻፈ ነበር።» ወደ መሐንዲሱ ሄደች፤ በጣም ቀረበችው። «አንተም መልእክቱን አልሰማሁም ብለሃል። ወረቀቱን ስሰጥህ ግን አላልተህ አነበብክ። ፊደሉ አንድ ነበር፤ ያነበበው ሆድህ ነው። ያቺ ልጅ በሆድህ ውስጥ ሁልጊዜ "ትላለች"፤ ትናገራለች፣ ትመክራለች፣ አባቷን ትነጥቅሃለች። ለሽማግሌው "ትኖርላቸዋለች" ብለህ አንድ ቀን አስበህ አታውቅም። ያላጠበቅኸው ፊደል ነው ያልጠበቅኸውን ያመጣብህ።»

መሐንዲሱ ጨርቁን ጣለ። «ስህተት ነው... ማንም ሊሳሳት...»

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እስቲ ንገረኝ፣ ድልድዩ ላይ ምን አሉህ?»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ሲነካ ድምፁ ተሰማ።

«ካሜራ እየሰቀልኩ ነበር» አለ መሐንዲሱ። «እያሳሉ ወጡ። "ልጄ፣ ድምፄን ከዚህ ብረት አውጣልኝ" አሉኝ። ልጄ ብለው ጠርተው! አላስጨረስኳቸውም። ኮታቸውን ያዝኩ... እኔ ልገድላቸው አልነበረም! ድምፄን አጠፋለሁ እያሉ፣ እኔ ሕይወቴን የሰጠሁበትን...» ዓይኑ ደም መስሏል። «ስወርድ ስክሪኗ በርታለች። አነበብኩት። እሷ ናት ያለችው ብዬ... እሷ ናት! እኔስ? እኔ ማን አለኝ?»

የመጨረሻዋን ቃል አጥብቆ ነበር የተናገራት፤ እንደሚገባው። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እነሱ ደግሞ የሰው ድምፅ አዋሱት። መርማሪዋ ለሃምሳ አለቃው ራሷን ነቀነቀችለት፤ እሱም መሐንዲሱን ይዞት ወጣ።

ልጅቷ አልጮኸችም። ጠመኔው መሐል ቁጭ አለች።

«ያቺ ቃል ናት» አለች፣ ለራሷ ይሁን ለሌላ ሳይታወቅ። «ለቀስተኛው ምን ቀረህ ሲለው የሚመልሳት። እኔን ጭኑ ላይ አስቀምጦ... እኔን ማለቱ ነበር። በእኔ አልተቀየመም ነበር እንዴ? ያን ሁሉ ብዬው?»

ሥራ አስኪያጇ አፏን በእጇ ያዘች። ጸሐፊው እንባውን በእጅጌው ጠርጎ ኪቦርዱን ከማሽኑ ክፍል አምጥቶ ቆርቆሮ አጠገብ ተቀመጠ፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ሊያጽናናት ነበር።

«መልእክቱ ላይ እንደ ሰማሽው አይደለም የሚባለው» አለ። «ቆይ፣ ሁለቴ ልጻፍለት። በራሳቸው ድምፅ፣ ጥርት አድርጎ ያንብብልሽ። እንደሚገባው አድርጎ።»

ጣቱ ኪቦርዱ ላይ ቆመ። ልጅቷ ቆርቆሮን አየችው። ፈለገች፤ እግዜር ያውቃል እንዴት አድርጋ እንደ ፈለገች። አንዲት ፊደል ሁለቴ ብትጻፍ አባቷ እንደ ገና ሊጠራት ነው። እጇ ወደ ጸሐፊው ሊዘረጋ ትንሽ ቀረው።

«አትንካው» አለች።

«እኔ እኮ...»

«አትንካው አልኩህ! አባቴ ብሎታል፣ በታመመች ድምፁ ብሎታል፤ ቆርቆሮ እንዲደግምልኝ አልፈልግም። አንተ ሰምተኸዋል፣ አንተ ሰው ነህ፤ አንተ ንገረኝ። እንዴት አድርጎ አለው?»

ጸሐፊው ከኪቦርዱ ተነሣ። «በቃኝ ሲሉ ሳቁ» አለ። «መጀመሪያ ሲስቁ ያየኋቸው ትናንት ነው። ዓለም ሰፊ ነው ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ በመዳፋቸው ደረታቸውን መታ አድርገው...» እሱም ደረቱን መታ አደረገ። ቃሏን ሲላት ድምፁ ተሰበረ፤ ፊደሏ ግን ጠበቀች።

ልጅቷ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ድምፅ አውጥታ፣ ሳታፍር።

ሲበቃት ተነሣች፤ ፊቷን ጠረገች፤ ወደ ሥራ አስኪያጇ ሄደች።

«አዳራሹ ሙሉ ነው ብለሻል።»

«እሰርዘዋለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አሁኑኑ...»

«አትሰርዥውም። አባዬ ዛሬ ማታ ለሕዝብ የሚናገረው ነበረው። ያን ብረት ድምፁን አውጡለትና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሩት። የምናገረው እኔ ነኝ።»

«አንቺ እኮ መድረክ ላይ ወጥተሽ አታውቂም!»

«እንግዲያው መጀመሪያዬ ነው» አለች ልጅቷ።

ማታ አዳራሹ ጢም አለ። ሰው በሹክሹክታ ወሬውን ተቀባብሏል፤ ግማሹ ለሐዘን፣ ግማሹ ልጅቷን ሊያይ የመጣ ነው። መርማሪዋ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ዓይኗን ጨፍናለች። ልጅቷ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተሰቅሎ የነበረውን የአባቷን ያረጀ ኮት ለብሳ ወጣች። ኮቱ ይሰፋታል፤ እጅጌው ጣቷን ውጦታል። ማስታወሻ አልያዘችም፣ ስክሪኗንም አላየችም። እንደ አባቷ ኮስተር ብላ ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«በቃኝ!» አለች፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። እጇን ዘረጋች። «ዓለም ሰፊ ነው።» ደረቷን በመዳፏ መታ አደረገች። «ልጄ አለችኝ።»

ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል አላልቶ የሰማት አንድም አልነበረም።